አንድ ቃል አንድ ጊዜ

ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡት መምህር፣ ስለ ጸጉር አያያዝ የሚጽፍ ድረ ገጽ ላይ አራሚ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ሥራቸው ስሕተት ማስገባት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

«ጸጉር አንድ ነው፣ ልጄ!» አሉ በመጀመሪያው ቀን።

«ፈላጊው ግን ብዙ ነው፣ መምህር» አለች የድረ ገጹ ባለቤት ፍሬሰንበት። «ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። በሁሉም ፊደል ካልጻፍንለት አያገኘንም።»

እናም ሦስት ዓመት ሙሉ «ጸጉር፣ ፀጉር፣ ጠጉር» እያሉ ጻፉ። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ገጹን አይቶ ደወለላቸው፦ «መምህር፣ በዚችው ፊደል አይደል እንዴ እኔን ያንበረከኩኝ?»

ዛሬ ፍሬሰንበት ጠራቻቸው። የጎብኚው ቁጥር በግማሽ ወርዷል። መምህር መባረራቸው ነው ብለው ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ።

«የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ነቅቷል፣ መምህር። አሁን በየትኛውም ፊደል ቢጽፉለት ሐሳቡን ይረዳል። እንዲያውም ቃል የሚደጋግመውን ገጽ ወደ ታች ይጥለዋል። ከእንግዲህ አንድ ቃል አንድ ጊዜ፣ በትክክለኛው ፊደል! ይህን የሚችል ሰው ካላገኘሁ ልዘጋው ነው።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው!»

አዲስ ውል ሰጠቻቸው። አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝተው በቀይ አረሙ። ከዚያ ፊታቸው እንደበራ፣ ስማቸው በሚጻፍበት ቦታ ላይ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ሠርጸ፣ ሰርጸ፣ ሠርፀ፣ ሰርፀ»