እንከን የሌለበት ወራሽ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ሰዓቱ ከሞግዚቷ አእምሮ አይጠፋም። የአየርላንዱ የኦ ዱብራን ጎሳ አለቃውን በቀበረ ማግስት፣ ተተኪውን ለመሾም ጉብታው ላይ ያለውን የሹመት ድንጋይ ከቧል።

በሕጋቸው አካሉ የጎደለ ሰው ያን ድንጋይ አይረግጥም። ጎሳው ገናና ያላቸው አለቆች ሁሉ የወጡት በዚሁ ሕግ ነው። ሟቹ የሁለት ወንድሞቹን ዓይን አውጥቶ ተሾመ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ እሱ ሲያጣጥር፣ ትልልቆቹ ሁለት ልጆቹ አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን አጠፉ። አሁን አራቱም ዕውሮች ከፊት ተቀምጠው፣ የቀብሩን ድግስ ሥጋ እያላመጡ ስለ ዘራቸው ክብር ያወራሉ። ስቡ በአገጫቸው ይወርዳል። ሞግዚቷ ፊቷን አዞረች። የሟቹን ልጆች ያጠባቻቸው እሷ ናት።

ሙሉ አካል የቀረው ታናሽየው ብቻ ነው። እሱም ከተሾመ፣ አንድ ቀን የሚነሣ ተቀናቃኝ ዓይኑን እንደሚያጠፋው ታውቃለች።

ወጣቱ ቆቡን እስከ አንገቱ ደፍቶ መጣ።

«ድንጋዩ ላይ ውጣ እንጂ! ሙሽራ ሆንክብን እንዴ?» አለ አንደኛው አጎቱ።

ቆቡን አወለቀ። ግራ ጆሮው የለም፤ ቁስሉ ገና ይደማል።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ፣ ልጄ?» ብላ ሞግዚቷ ጮኸች።

«ማንም አልነካኝም፣ እማማ። እኔው በቢላዬ ቆረጥኩት። ዓይኖቼን ግን ለራሴ አስቀረሁ።»

«ምንድን ነው? ወጣ? ተሾመ?» ይላሉ ዕውሮቹ።

ወጣቱ ቆቡን መልሶ ደፍቶ ከጉብታው ወረደ።

ኦ ዱብራኖች ከዚያ ወዲህ አለቃ አልነበራቸውም። ድንጋዩን በዓመቱ አንድ እንግሊዛዊ ሰፋሪ ወስዶ የአሳማ ጋጣው ደፍ አደረገው።