የምኞት የተግባር ፈተና

ምኞት ባለፈው ዓመት በተግባር ፈተና የወደቀችው የፕላስቲኩን አሻንጉሊት «እንደምን አደሩ» ሳትለው መርፌ በመውጋቷ ነው። ወረታ ላይ የነርስነት ሰርተፍኬት የሚሰጠው ያ የግል ኮሌጅ በሥነ ምግባር ቀልድ አያውቅም።

ዘንድሮ አሻንጉሊቱ ክንዱ ስለተነቀለ፣ በሽተኛ መስሎ የሚተኛ ሰው ከአንበሳሜ በስልክ ተቀጠረ። የሆድ ቁርጠት እንዲታመም ተነገረው። ምኞት ደግሞ አሁንም ከወደቀች ቁሐር ሚካኤል ተመልሳ ሩዝ እንደምታርም አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል።

ፈተናው ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ፈታኟ ሲስተር ሉሊት ሁሉም ሲጠብቋቸው እንደቆዩ ነግራቸው ወዲያው አልጋው ላይ አስተኛቻቸው። ሽማግሌው በሐኪም ቤት እንዲህ ያለ አቀባበል አይተው እንደማያውቁ ተናግረው መረቋት።

ሲስተር ሉሊት አዲስ አበባ ሳለች ቲያትር ታዘወትር ስለነበር ትወና አውቃለሁ ትላለች። የሽማግሌውን መንቀጥቀጥ አይታ፣ ትንሽ እንዳበዙት ለአዲሶቹ ተማሪዎች አስረዳች። ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ፈተናውን ሊያዩ የተሰበሰቡት ሁሉ ሳቁ።

ምኞት እጇን ታጠበች፤ ፈገግ አለች፤ እንደምን እንዳደሩ ጠየቀች።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ አባቴ?»

«ብርዱ ነው ልጄ። ውሃው ከማሳው ከሸሸ ወዲህ ይለቀኝና ይመለሳል። ራሴንም ይፈልጠኛል።»

«ሆድዎን ነበር የተባባልነው» አለች ሲስተር ሉሊት ከወንበሯ ሳትነሳ።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩዋት። ነጭ ጋውን የለበሰን ሰው ላለማስቀየም ይመስላል፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው እሱም ሳይቆርጣቸው እንደማይቀር ተናገሩ።

ምኞት ግንባራቸውን ነካችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ፍም ነበር። ሲስተር ሉሊትን ቀና ብላ አየቻት። የሩዝ ማሳው፣ ጭቃው፣ እግር ላይ የሚጣበቀው አልቅት ታያት። ሰውየው ፀሐይ ሲመታቸው የመጡ ይሆናል አለች በልቧ።

«ሙቀትዎ ደህና ነው» አለች።

ከዚያም ለልምምድ ከተቀመጠው ብልቃጥ መድኃኒት የሚመስል ነጭ ከረሜላ ሰጠቻቸው፤ አወሳሰዱንም አንድ ሳትስት አስረዳች። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሲስተር ሉሊት ምኞትን እዚያው ማለፏን አበሰረቻት። ሽማግሌውንም ግሩም እንደሠሩ ነግራ፣ አሁን ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚችሉ አሳወቀቻቸው። እሳቸውም ሁሉንም በየተራ መርቀው፣ እየተንገዳገዱ ወጥተው ባጃጅ ያዙ።

ተማሪዎቹ ገና የሽማግሌውን መንቀጥቀጥ እያስመሰሉ ሲሳሳቁ በሩ ተንኳኳ። አንድ ጎልማሳ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

«ከአንበሳሜ የተሳፈርሁበት መኪና ተበላሽቶ ነው የዘገየሁት» አለ። «የት ልተኛ?»