የዓሦቹ ተራ

በበጋ ወንዙን እንዳለ የመስኖው ቦይ ይወስደዋል። በሌላ ወንዝ የማይገኙት የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ዓሦች ከቦዩ በታች ባለች አንዲት ኩሬ ቀርተዋል። የዓሣ ባለሙያው ተጨማሪ ውሃ እንዲለቀቅላቸው የመስኖውን ተራ የሚደለድሉትን የውሃ አባት፣ አያ ይስማውን፣ ለመነ።

«ቦይ ያልጠረገ ተራ የለውም፤ ዓሣ ደግሞ አካፋ አይዝም» አሉት።

«እኔ እጠርግላቸዋለሁ።»

ገበሬዎቹ ሳቁበት። እሱ ግን እጁ ውሃ እስኪቋጥር ደለል ሲዝቅ፣ የሚያፈስሰውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ሲደፍን ሰነበተ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ! ከእንግዲህ ጠብታ ውሃ እንኳ አይባክንም» አሉ አያ ይስማው። ከዐሥር ቀን በኋላ ለሚውል ሰኞም ለዓሦቹ ተራ ሰጡ።

ሰኞ ጠዋት ውሃውን ለቀቀና ቀድሞት ቁልቁል ሮጠ። ኩሬዋ ደርቃለች፤ አሞራዎች የተረፈውን አጥንት ይለቅማሉ።

«ይቺ እኮ በአባቴም ጊዜ ነጥፋ አታውቅም፤ ምን ነካት?» አሉ ከኋላው የደረሱት አያ ይስማው።

ባለሙያው ከኩሬዋ ሽቅብ የሚወጣውን፣ ሣሩ የጠወለገበትን የፍሳሽ መስመር በዓይኑ ተከተለ። መስመሩ በቦዩ ግድግዳ ላይ፣ ከተደፈነ ስንጥቅ ሥር አለቀ። በደረቀው ጭቃ ላይ የገዛ እጁ አምስት ጣቶች ታትመዋል።