የቅዳሜ ቀሚስ

ትኬት ቆራጯ ሰላሳ አንድ ኪሎ ከቀነሰች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የቀነሰችው ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ መኮሮኒና ስኳር የሚባሉትን ከቤቷ አባርራ ነው። መቀነሱስ ባልከፋ፤ ብዙ ሰው የሚያቅተው ከቀነሰ በኋላ እዚያው መቆየቱ ነው።

ድሮ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ትኬት መሸጫዋ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ በሩ አይዘጋላትም ነበር። ሾፌሮቹ በተሳፋሪ ፊት "ጆንያ" ይሏታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። አሁን በሩ ከኋላዋ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። "ተመልሼ ጆንያ ከምሆን ሞቴን እመርጣለሁ" ትል ነበር፤ የምሯን ነው።

የአመጋገብ አማካሪዋ "ሚዛኑን ተይው" አለቻት። "ሚዛን የጠጣሽውን ውሃ ሁሉ ይቆጥርብሻል። ልክክ የሚልሽ አንድ ልብስ ይኑርሽ። በሳምንት አንድ ቀን ልበሽው፤ ከጠበበሽ ከምግብሽ ቀንሺ። ልብስ አይዋሽም።" ሚዛኑን ለጎረቤት ሰጠች። ልብስ ሰፊው ባሏ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋላት። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ለብሶ ዚፑን መሳብ የቤቱ ሕግ ሆነ።

እንደ ባሏ የሚያግዛት አልነበረም። ዳቦ ሲያምረው ሱቁ በልቶ ይመጣል። አይቧን መጥኖ ያቀርብላታል። ዓርብ ዓርብ ቀሚሷን ሱቁ ወስዶ ተኩሶ ይመልስላታል። ያንን ለብሳ ስትወጣ ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው "ማን ሰፋልሽ?" ይሏታል፤ እሱም "የሱቄ ማስታወቂያ አንቺ ነሽ" እያለ ይኩራራባታል።

ያስቸገሯት አማቷ ናቸው። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው አብረዋቸው ይኖሩ ጀመር። ቁጭ ማለት አይወዱምና ምግብ ማብሰሉን ተረከቡ።

"ልጄ፣ አጥንትሽ ሊወጣ ነው እኮ። አንዲት ቁራሽ ዳቦ ሰው አትገልም።"

"እማማ፣ ዳቦ ለኔ መርዝ ነው አልኩዎት!"

"እንግዲያው እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግኩት በመርዝ ነው በይኛ።"

አሮጊቷ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሿን ውጣ በግድ ዘጋችው። በማግስቱ ፍራፍሬ ተወች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሚሱ ባሰበት፤ ወተት ተወች። ከዚያ አይቡን፣ ከዚያ ካሮቱን። ቀለበቷ እየወለቀ ቢያስቸግራት ክር ጠመጠመችበት። ሾፌሮቹ "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" ሲሏት ቅናት ነው ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መስታወት ፊት ስትቆም የሚታያት ጆንያዋ ነበረች።

"የምበላው ነገር የለም" አለችው ባሏን። "ታዲያ ከየት ነው የሚመጣብኝ?"

ባሏ ወደ ወጥ ቤቱ ዓይኑን ጣል አደረገ። "እናቴን ምን እላታለሁ? ብቻ ጠንቀቅ በይ" አላት።

ጠንቀቅ አለች። አሮጊቷ ከመጡ ሁለት ወር ሲሆን፣ አንድ ረቡዕ ከሥራዋ ቀድማ ገባች። አማቷ የጎመን ሾርባው ላይ ጎንበስ ብለው ዱቄት በማንኪያ እየጨመሩ ያማስላሉ። እጅ ከፍንጅ ተያዙ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካለፈው ወር" አሉ አሮጊቷ። አልካዱም። "አንድ ማንኪያ ብቻ ናት። ዓይኔ እያየ ልትሞቺብኝ ነው እኮ ልጄ!"

"ከቤቴ ይውጡልኝ!"

ዓርብ ባልየው እናቱን ሌላ ከተማ ያለች እህቱ ጋ ሊያደርስ ተነሣ። ትኬቱን የቆረጠችላቸው ራሷ ናት። አሮጊቷ በመስኮቱ በኩል "ደህና ሁኚ ልጄ" ቢሏት ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ቀሚሱን ሳይተኮስ ለበሰች። ዚፑ ሳይታገላት ሽቅብ ወጣ። ደስታዋን መቻል አቅቷት ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች። ባሏ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ በሩ ላይ ጠብቃ "አላልኩህም?" አለችው።

"እሰይ" አላት፣ ሻንጣውን እያስቀመጠ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቀሚሱ እንደገና ጠበበ። የአሮጊቷ ዱቄት ሰውነቷ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ብላ ደመደመች። ያበጠው ይፈንዳ አለችና በቀን ወደ አንድ እንቁላልና ወደ ውሃ ወረደች። ባሏ እንቁላሉን ልጦ ያቀርብላታል፤ "በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ይላታል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቀሚሱ ይጠባል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

በአራተኛው ሰኞ ተሳፋሪዎች መስኮቱን ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ የሚመልስ ጠፋ። በሩን የሰበሩት ያው "ጆንያ" ይሏት የነበሩት ሾፌሮች ናቸው። አንደኛው ብቻውን አቅፎ አወጣት። ሐኪሙ ልቧ የቆመው በረሃብ ነው አለ። ሰላሳ ሰባት ኪሎ ነበረች።

ባልየው ለመጣው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ይናገር ነበር። "ደህና ነበረች እኮ! እናቴ በድብቅ ዱቄት እያበላች አስደነገጠቻት። ከዚያ ወዲያ እህል አላምን አለች።" አሮጊቷ ሲደርሱ ለመቀመጫ ቦታ የለቀቀላቸው ሰው የለም። ቆመው አለቀሱ። ከዚያ የምትቀበርበትን ሰማያዊ ቀሚስ እንኳ ልተኩስላት ብለው ለመኑ።

"ተዪው እማዬ፣ እኔ እተኩሰዋለሁ" አለ ልጃቸው።

"ይህችን እንኳ አትከልክለኝ" ብለው ቀሚሱን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ገልብጠው ገበሩን ገለጥ ሲያደርጉት፣ በግራም በቀኝም ጎኑ አንዱ ካንዱ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሄደ አሥር መስመር ስፌት አገኙ፤ እሳቸው ራሳቸው መርፌ ያስያዙት የልጃቸው እጅ ነበር።