ከደጃፍ የተላከ ምርቃት

ጋሼ እንዳላማው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ አሳርፈው ያስላሉ። የቅዳሜ ገበያ ሳል ነው፤ ከደምበጫ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዘውት መጥተዋል። እኔ በሩን በትከሻዬ ደግፌ ቆሜያለሁ።

«ዞር በል፣ ጸጋው። እህቴን መርቄያት ልመለስ።»

የጋሼ እንዳላማው ምርቃት በአገሩ የታወቀ ነው። የበሽተኛውን ግንባር ይዘው ሦስት ጊዜ «እትፍ! እትፍ! እትፍ!» ይላሉ፤ ምራቃቸውን አይሰስቱም። የዳነ ካለ ያዳኑት እሳቸው ናቸው። የሞተ ካለ ዘግይተው ስለተጠሩ ነው።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይኸውልዎ የዛሬ ጠዋት የደም ምርመራዋ። ነጭ የደም ሴሏ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ቢያንስ አራት ሺህ መሆን ነበረበት። በሽታ የሚከላከሉላት ወታደሮቿ እነሱ ናቸው። ለካንሰሩ የምትወጋው መድኃኒት እነሱንም ይገድላል። ተመልሰው እስኪበዙ አሥር ቀን ያህል ይፈጃል። እስከዚያ የእርስዎ ጉንፋን እሷን ሊገድላት ይችላል።»

ወረቀቱን ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ያያሉ።

«ወታደሮቿን በገዛ እጇ አስፈጀቻ! አዲስ አበባ ድረስ የሄደችው ለዚህ ነው?» አብረዋቸው ወደ መጡት ሁለት ሴቶች ዞር ይላሉ። «ስሙ እንግዲህ! ኮሌጅ የላክነው በረኛ ሊሆን ነው።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ በሞተ ዓመት ማሳችንን ያረሱልን እሳቸው ናቸው። አልረሳሁም። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ እንድረሳ ፈቅደውልኝ አያውቁም።

«በመስኮት ያናግሯት፣ ጋሼ።»

«እኔ? እንደ ለማኝ በመስኮት?»

በሩን ይገፉታል። ጫማዬ ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተታል። አሁን የምፈራው እሳቸውን ብቻ አይደለም፤ እናቴንም ነው። በዕድሜዋ እንግዳ ከደጅ መልሳ አታውቅም። «ተዋቸው፣ ይግቡ» ካለች የኔ ትከሻ ምንም አይረባም።

«አያ!» ትላለች ከአልጋዋ። ድምጿ ሰልሏል።

«አቤት እህቴ! ይኸው ልጅሽ…»

«እዚያው ሆነው ይመርቁኝ። እግዜር ዘንድ የሚደርስ ምርቃት፣ ይቺን ደፍ ተሻግሮ አልጋዬ መድረስ ያቅተዋል?»

ከሴቶቹ አንዷ ትስቃለች፤ በዚህ ጊዜ ግን አፏን አልሸፈነችም።

ጋሼ እንዳላማው እግራቸውን ከደፉ ላይ ያነሳሉ። ወረቀቱን ሳያዩኝ ይመልሱልኛል። «እግዜር ይማርሽ» ብለው፣ የሚይዙት ግንባር ስላጡ፣ ሦስቴ መሬቱ ላይ እትፍ ይላሉ።

የጎረቤት ዶሮ ጥሬ የተበተነላት መስሏት እየሮጠች ትመጣለች። አንገቷን ሰብራ ታያለች፣ አንዴ ጫር ታደርጋለች፤ ከዚያ ጥላው ትሄዳለች።