በረሃብ ዘመን የወፈረችው ሴት

«አገር ሲከሳ እሷ ትወፍራለች!»

ዲንቄ ናት… ኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ሆን ብላ ጮክ እያለች።

«የጓሮ በር ያላት ምን ታድርግ!» አለች ሌላዋ።

ሰልፉ ሳቀ።

ጎረቤታቸው ሠርካዲስ ሰማች… ነጠላዋን ወደ ጉንጮቿ ሳብ አደረገች።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ 1977 ዓ.ም.። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር።

አገሩ ድርቅ ላይ ነው። ስኳሩም ጤፉም በራሽን።

የሷ ፊት ግን በየሳምንቱ እየሞላ፣ እየከበበ ሄደ።

«ሱቅ ሻጩ በስውር ይጨምርላታል» ተባለ።

ደጇን የሚረግጥ ጠፋ… ባል የላት፣ ልጅ የላት።

ጠዋት የከፈተችውን ሬዲዮ ስትተኛ ነው የምትዘጋው። ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር…

ከዚያ በድንገት መክሳት ጀመረች።

ጉንጯ ጎደለ… አገጯ ወጣ…

ዲንቄ ጎመን ይዛ መጣች!

«አሁን ገና እኛን መሰልሽ! ምነው፣ የጓሮው በር ተዘጋ እንዴ?»

ሠርካዲስ ከልቧ ሳቀች። ሰው መጣላት!

«ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ» እያለች በርጩማ ልታቀርብ ተነሳች…

ተዝለፍልፋ ወደቀች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ሠርኬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ኪኒኑን ተውኩት…»

«የምን ኪኒን?»

«የኩላሊት። ፊቴን የሚያሳብጠው እሱ ነው… በሽተኛ መሆኔን ብነግራችሁ ደግሞ፣ ይተላለፋል ብላችሁ እንዳትሸሹኝ ፈራሁ…»

ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት።

ሐኪሙ ተቆጣ።

«የሰውነትዎ መከላከያ የራስዎን ኩላሊት እየወጋ ነው። መድኃኒቱ እሱን ነው የሚያበርድልዎ። ፊት ያሳብጣል፣ አዎ… በአንድ ጊዜ ሲቆም ግን ይገድላል!»

ሠርካዲስ ጉንጯን ዳሰሰች። ጠየቀች…

«ዶክተር፣ እንደገና ስጀምረው ፊቴ ያብጣል?»

«ለጊዜው ያብጣል።»

እንባዋ መጣ።

«እንግዲያው ማን ይመጣልኛል?»

ዲንቄ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሰማቻት።

ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ወገኖቼ… ሠርካዲስ ከሞት ይልቅ ብቻዋን መቅረትን ፈራች።

የሰው ፊት ስለተለወጠ ብቻ ታሪክ አንፍጠርለት፤ ገብተን እንጠይቀው። ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት ሳናማክር አናቁም።

እናንተስ… መልካችሁ በተለወጠበት ጊዜ በራችሁን አንኳኩቶ «ምን ሆናችሁ?» ያላችሁ ማን ነው?

ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉለት… ማንም ካልነበረም ጻፉ፣ አነባለሁ።