ከድልድዩ ሥር

ጀልባዋ የወንዙን እጥፋት ስትዞር ልጅቱ ክው ብላ ቀረች። ዓይናቸው የጠፋው አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ስለ ጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ ሲያወሩ ኖረው፣ «ሳልሞት አንዴ ከሥሩ ልለፍ» ብለው ነበር ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት። ድልድዩ ግን አልነበረም። ጎርፍ መሃሉን ጠርጎ ወስዶት፣ ወዲያና ወዲህ ማዶ ሁለት ጉማጆች ብቻ ቆመዋል።

«ታየሽ?» አሏት አባቷ።

«ታየኝ አባዬ» አለች። «ቅስቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሐረግ ለብሰዋል። የመንደሩ ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ጠርዙ ላይ አስጥተውበታል።» ቀዛፊው ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አፍራ አቀረቀረች። እሱ ግን መቅዘፉን ቀጠለና ባዶው ቦታ ሲደርሱ፣ «አባባ፣ ዝቅ ይበሉ፤ ድንጋዩ ራስዎን እንዳይመታዎት» አላቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ድረስ አጎነበሱ። ቀዛፊው «አለፍን» እስኪላቸው ቀና አላሉም። ከዚያ የልጃቸውን እጅ በዳበሳ ፈልገው ያዙት።

«ፀሐይዋ እኮ ከማጅራቴ ላይ አልተነሳችም» አሉ ፈገግ ብለው። «ግዴለም ልጄ፤ አሳምራችሁ ሠርታችሁታል።»